አሥራ አንድ የጣት አሻራ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብዬ ከአንድ መዝገብ ቤት ወደ ጦሩ የታሪክ ክፍል ተዛወርኩ። ክፍል ይባል እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ነበረች፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና ጣልያን ጥሎት የሄደ የካርታ ሣጥን ነበራት። አለቃው ሻለቃ ይርጋ ይባላሉ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ "ጀግና የሚለውን ቃል በገጽ ስንት ጊዜ ትጽፋለህ?" አሉኝ። እንደ ነገሩ ሁኔታ ነው ብዬ መለስኩ። "በገጽ አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛውን እኔ እሰርዘዋለሁ" አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። እስከ ዛሬ ሁለተኛውን ጽፌ አላውቅም።

የቀረውን ደንብ በሦስት ቀን አስተማሩኝ። በዐይኑ ካየ ሰው ቃል አጠገብ አጭር ሠረዝ ይሰመራል፤ ከሌላ ከሰማ ሰው ቃል አጠገብ ክብ ይደረጋል። ሦስት ሠረዝ ከተስማማ ነገሩ ወደ መጽሐፉ ይገባል። ሁለት ከሆነ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ይወርዳል፤ አንድ ከሆነ ደብተር ውስጥ ይቀራል። ምስክሩ ቃሉ ይነበብለትና አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ውጊያ የተደረገበትን መሬት በእግሩ ሳይረግጥ ስለዚያ ውጊያ አንዲት መስመር የጻፈ ሰው ከክፍሉ ይባረራል። ይህን ሲነግሩኝ ሻለቃው አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅኩም።

የያዝነው ሥራ በጠላት ወረራ ዘመን አርበኞች ያደረጉትን ውጊያ በየአገሩ እየዞሩ መሰብሰብና በአንድ መጽሐፍ መተረክ ነበር። ለእኔ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ደረሱኝ። ጣልያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ስለነበር ሻለቃው ሽማግሌዎቹ ሳያልቁ ድረስባቸው አሉኝ። አራት ደብተር፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም፣ በቀለም የራሰ ጨርቅ ያለበት ቆርቆሮና አንድ ካርታ አስፈርመው ሰጡኝ። እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው በበቅሎ ነው።

በቅሎዋ ሽቅብ ሲሆን ትቆማለች፣ ቁልቁል ሲሆን ትሮጣለች። ሰባት ወር አብረን ስንከርም አንድም ቀን በሐሳብ ተስማምተን አናውቅም። ንፋስ መውጫ ላይ ጭራሽ አልሄድም ብላ ገበያ መሐል ተኛችብኝና ገበያተኛው ሁሉ ከቦ ምክር ሰጠኝ። አንዱ ጆሮዋን ያዝ አለኝ፣ ሌላው ጅራቷን። ያን ቀን ብዙ ሰው አነጋገረኝ። አሁን ሳስበው በዚያ አገር ደብተር ሳልይዝ ከሰው ጋር የተነጋገርኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለ ብቸኝነቱ ማንም አላስጠነቀቀኝም ነበር። ወደ አንድ መንደር ስደርስ ጭቃ ሹሙ ወጥቶ ይቀበለኛል፣ መደብ ተነጥፎ ከፍ ያለው ቦታ ይሰጠኛል፣ ጨዋታው ግን እኔ ስገባ ይቆማል። ሰው ሁሉ ልብሱን አስተካክሎ ይቀመጥና ለደብተሬ መናገር ይጀምራል። ዐይናቸው ከብዕሬ ጫፍ ላይ አይነሳም። ብዕሩን ሳስቀምጥ እነሱም ያቆማሉ። የት እንደተወለድኩ፣ ሚስት ይኑረኝ አይኑረኝ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ለመንግሥት ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔም ዕድሜዬ ገና ለጋ ነበርና ክብሩ ደስ ያሰኘኝ ሁለት ወር ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር የሰው ድምፅ ናፈቀኝ።

ሥራው ራሱ ግን ይጥመኝ ነበር። ውጊያው መቼ ነበር ብለህ ስትጠይቅ ቀንና ወር የሚነግርህ የለም። ገብሱ ሲያሸት ነው ይሉሃል፣ ወይም ባቄላው ካበበ በኋላ፣ ወይም ከእገሌ ተዝካር ማግስት። ከዚያ ወደ ደብሩ ሄደህ ካህናቱን ስለ ተዝካሩ ትጠይቃለህ፣ ደጋውንና ቆላውን ለይተህ እህሉ መቼ እንደሚያሸት ታሰላለህ። ፀሐይ በየትኛው ትከሻህ ላይ ነበረች ብሎ መጠየቅን ያወቅኩት በራሴ ነው። ሰው ሰዓቱን ይረሳል፤ ፀሐይ ዐይኑን እንደወጋችው ግን አይረሳም። ይህን ዘዴ ለሻለቃው ስጽፍላቸው በመልሳቸው ላይ "ጥሩ" የምትል አንዲት ቃል አከሉልኝ። ያቺን ወረቀት ለብዙ ጊዜ ኪሴ ይዣት ዞርኩ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር የተፈጠረው ከአርብ ገበያ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ መንደር ነው። ከመንደሩ ግርጌ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ መካከል፣ ወደ በሽሎ የሚወርድ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ደግሞ አንድ መልካ አለው፣ ሰውም ከብትም የሚሻገርበት። በወረራው ጊዜ አርበኞቹ ከበላዩ ያለውን ጋራ ይዘው መልካውን በአምስት ሰው ያስጠብቁ ነበር። አንድ ማለዳ ጠላት ከባንዳ ጋር መጣና በመልካው ሰብሮ ገባ። ከአምስቱ ጠባቂዎች አራቱ እዚያው ሞቱ። አምስተኛው በሕይወት ተረፈ። ስሙ በሪሁን ነው።

የአርበኞቹ አለቃ የነበሩት ግራዝማች አላምረው በሕይወት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። ከአራቱ ሟቾች አንዱ ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ምስክሮችን አንድ በአንድ በየቤታቸው ልጠይቅ ስላቸው ፈገግ አሉ። "ምን ያደክምሃል ልጄ? እሁድ ሰንበቴ ላይ ሁሉም አለ" አሉኝ። ሰንበቴ ማለት ከእሁድ ቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ደጀ ሰላም ተሰብስቦ ዳቦና ጠላ የሚቀምስበት ነው። እውነትም ድካም ይቀንስልኛል ብዬ ተስማማሁ። ያቺ በቅሎ በዚያ ሰሞን እግሯን አሟት ነበርና መንደር ለመንደር መዞሩ አልታየኝም። ስሕተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

እሁድ አሥራ አንድ የቀድሞ አርበኞች በዕድሜያቸውና በማዕረጋቸው ተራ ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገሩት ግራዝማች ናቸው። አምስቱን ሰዎች በገዛ እጃቸው መልካው ላይ እንዳቆሙ፣ ጠላት ሲገባ በሪሁን ቦታውን ትቶ እንደሄደ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻውን እንደተመለሰ ተናገሩ። "ወንድሜን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። የት ነበርህ አልሁት። መልስ የለውም። ዛሬም የለውም" አሉ። ቀጥሎ ያሉት የሃምሳ አለቃ "ግራዝማች እንዳሉት ነው" አሉ። ሦስተኛውም እንደዚያው አሉ። አሥራ አንደኛው ሰው ጋ ስንደርስ ተራው እስኪመጣለት ቸኩሎ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ እሱም ግራዝማች እንዳሉት ነው አለ።

በሪሁን ከማኅበሩ ወጥቶ ስለነበር ሰንበቴው ላይ አልነበረም። ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጦ ነው ያስቀደሰው። አስጠራሁት። ዐርባ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጸጉሩ ቀድሞ የሸበተ ሰው ገባና እንደቆመ እጅ ነሳ። ስለዚያን ቀን የሚለው ካለ ጠየቅኩት። ሁሉም ያየዋል። መሬት መሬት እያየ "የምለው የለኝም ጌታው" አለ። የት እንደነበረስ አልኩት። አሁንም የምለው የለኝም አለና ፈቃድ ጠይቆ ወጣ።

በደብተሬ ላይ "ተጠይቆ ዝም አለ፤ አላስተባበለም" ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሠረዝ አሰመርኩ፣ አሥራ አንድ የጣት አሻራ አስነካሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተሟላ ምስክርነት አግኝቼ አላውቅም ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን እፍ እፍ እያልኩ ስጠብቅ ደስታ ተሰምቶኛል፤ ይህን አልደብቅም።

በማግስቱ እንደ ደንቡ መሬቱን ልረግጥ ወረድኩ። መጀመሪያ ግራዝማች ቆመው የተዋጉበትን ጋራ አሳዩኝ፤ ብቻዬን ተውኝ ብዬ እዚያ ቆሜ ካርታውን ዘረጋሁ። መልካውን ፈለግኩት። ከጋራው ግንባር ያለ አንድ የድንጋይ ትከሻ ይጋርደዋል። ወደ ግራ ሃያ እርምጃ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ ዐርባ ሄድኩ። ከየትም አይታይም። በደብተሬ ጠርዝ ላይ "ከዚህ መልካው አይታይም" ብዬ ጻፍኩ። መልካው ካልታያቸው በሪሁን ሲሸሽ ማን አየው የሚለውን ግን አልጻፍኩም፤ አላሰብኩትምም። አሥራ አንድ አሻራ የያዘ ሰው ብዙ አያስብም።

ከወንዙ ስመለስ በሪሁንን ማሳው ላይ አገኘሁት። ከልጁ ጋር በዶማ ይቆፍራል። አንድ በሬ አለው፤ በሬው ዳር ላይ ቆሞ ያየዋል። አንድ በሬ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው፤ ከበሪሁን ጋር የሚቀናጅ ግን በመንደሩ አልነበረም። እኔን ሲያይ ዶማውን አጋድሞ መጣ። ቆሎ ቋጥሮ ነበርና ዘረጋልኝ። ተቀመጥን። እናቴ በሕይወት እንዳለች ጠየቀኝ። አገሬ የት እንደሆነ፣ ብርዱን እንዴት እንደቻልኩት፣ ይህን ሁሉ አገር ብቻዬን ስዞር እንደማይከፋኝ ጠየቀኝ። ይከፋኛል አልኩት። በሰባት ወር ውስጥ ለደብተሬ ሳይሆን ለእኔ ያወራ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ልነሳ ስል "ጽፈውታል?" አለኝ።

"ጽፌዋለሁ። እርስዎ የሚሉት ካለ ግን አሁንም ጊዜ አለ።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለ ልጁ ነገረኝ። ልጁ በአንድ ጎረቤት መንደር ሚስት ታጭታለታለች። የልጅቱ አባት የሚወራውን ሰምቶ መጽሐፉ የሚለውን ልይ፣ መንግሥት አጣርቶ የጻፈው ልክ ነው ብሎ ሠርጉን አቆይቶታል። በሪሁን ይህን የነገረኝ እንድራራለት አልነበረም። የጻፍኩት ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ እንዳውቅ ብቻ ነው። እንግዲህ እንደሆነ ይሁን ብሎ ዶማውን አነሳ። እኔም የጥፋተኛ ኩራት ነው ብዬ በሆዴ ፈረድኩበትና በቅሎዬ ላይ ወጣሁ። ቆሎው ገና እጄ ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ አንድ ዓመት ጻፍኩ። የጦር ታሪክ መጻፍ ከሰው ይነጥላል። ቀኑን ሙሉ ከሞቱ ሰዎች ጋር ትውላለህ፤ ማታ ቤትህ ስትገባ የሚጠብቅህ ሰው ቢኖርም የምታወራለት ነገር የለህም፤ እኔን ደግሞ የሚጠብቀኝም አልነበረም። የመልካውን ገጽ ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። አራቱ ሰዎች ከድንጋይ ድንጋይ እያፈገፈጉ ሲሞቱ፣ አምስተኛው በሪሁን ቦታውን ጥሎ ሲሄድ። ሻለቃው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። "ከመጽሐፉ ሁሉ የሚሻለው ይህ ገጽ ነው" አሉኝ። ጀግና የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የገባው። ሳይሰርዙ መለሱልኝ።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት እንዳለ ለቀጣዩ ቅጽ የሚሆን ምስክርነት እንዳመጣ ወደ እስቴ ተላክኩ። መካነ ኢየሱስ ስደርስ የቅኔ መምህር የሆኑ መሪጌታ ጥበቡ የተባሉ ሰው ብዙ ያውቃሉ አሉኝ። ደብራቸው ሄጄ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ከየት መጣህ ሲሉኝ ባለፈው ዓመት የዞርኩባቸውን አገሮች ቆጠርኩላቸው፤ የዚያን መልካ ስም ስጠራ እጃቸው ላይ ያለውን መጽሐፍ ዘጉት። "እኔ የዚያ ደብር ዲያቆን ነበርሁ" አሉ። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

ጠላት በመጣበት ማለዳ የደብሩ አገልጋይ መምሬ ወልደ ሐና ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚቃጠል አውቀው ታቦቷን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ዲያቆኑ ከኋላቸው ነው። የሚሸሽጉበት ዋሻ ከወንዙ ማዶ በስማዳ በኩል ነበር፤ መንገዱ ደግሞ መሣሪያ የያዘ ሰው ይፈልጋል። መልካው ላይ ሲደርሱ ከአምስቱ መካከል በሪሁንን ጠሩት፤ ዋሻውን የሚያውቀው እሱ ነበር። ያኔ ገና ተኩስ አልተጀመረም። በሪሁን ከጓደኞቹ መለየት አልፈለገም፤ መምሬም ታቦቷን ማን ይጠብቃት አሉት። ሄደ። ዋሻው ጋ ሲደርሱ የተኩሱን ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። ልመለስ ብሎ ሲነሳ መምሬ የታቦቷ መሸሸጊያ እንዳይታወቅ ሁለቱንም አንበርክከው ገዘቷቸው፤ እኔ በአፌ እስክፈታችሁ ድረስ ስለ ዛሬው ቀን፣ የት እንደነበራችሁና ከማን ጋር እንደነበራችሁ ለማንም እንዳትተነፍሱ አሏቸው።

"ከጥቂት ወራት በኋላ መምሬ እስቴ ሸሽተው መጥተው አረፉ" አሉኝ መሪጌታ። "ሲያርፉ አጠገባቸው የነበርሁት እኔ ነኝ። የዋሻውን ቦታ ለካህናት አስታወቁ፤ እኔንም በሪሁንንም ፈቱን። ለበሪሁን አንተ ንገረው አሉኝ። እኔ ልሄድ ስል በሪሁን ዱር ውስጥ ሞተ የሚል ወሬ ሰማሁ። አምኜ ቀረሁ። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየቅዳሴው ስሙን ከሙታን ጋር ስጠራው ኖርሁ።"

በሕይወት አለ አልኳቸው። የጻፍኩትንም ነገርኳቸው። ከዚያ ብራና የመሰለ ወፍራም ወረቀት አወጡና የሆነውን ሁሉ በንጹሕ እጅ ጻፉት፤ ግዝቱ በመምሬ አፍ መፈታቱንም ጻፉ፣ ስማቸውንም አኖሩ። አሻራ አላስፈለጋቸውም። እስቲ አሁን ፍጠንልኝ አሉና እስከ በሩ ሸኙኝ።

ፈጠንኩ። ግን ወደ መንደሩ አልነበረም፤ መጽሐፉን ለማስቆም ወደ አዲስ አበባ ነው የገሰገስኩት። ስደርስ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በካርቶን ታሽጎ ነበር። ወረቀቱን ለሻለቃው ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የእኔን ደብተር ከመደርደሪያው አውጥተው የመልካውን ምስክርነት ገለጡና ጣታቸውን በአሻራዎቹ ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ።

"አሥራ አንድ ሠረዝ አመጣህልኝ። አሁን አንድ ሠረዝ አመጣህልኝ። ደንባችን ምን ይላል?"

ያ አሥራ አንዱ በእውነቱ አንድ ብቻ ነበር አልኳቸው። ግራዝማች ብቻ ናቸው የተናገሩት፤ የቀሩት አልተቃረኑም እንጂ አልመሰከሩም፤ ግራዝማችም አላዩም፣ ከጋራው መልካው አይታይም፣ ራሴ ጠርዙ ላይ ጽፌዋለሁ። ሻለቃው ጠርዙ ላይ ያለውን አነበቡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ሥራ ሠራህ እልህ ነበር" አሉ። ሁለተኛ ዕትም ካለ ይታረማል ብለው የመሪጌታን ወረቀት መልሰው ሰጡኝና ለጋይንት የተመደቡትን መጻሕፍት አድርስ አሉኝ።

ወደ መንደሩ የደረስኩት ቅዳሜ ነው። ወረቀቱ በደረት ኪሴ ነበር። ሐሳቤ እሁድ ሰንበቴው ላይ ከመጽሐፉ በፊት እሱን ማንበብ ነበር፤ መንገድ ለመንገድ የምናገረውን እንኳ አጥንቼ ነበር። እሁድ ቤቱ ሞላ። ከጎረቤት መንደር የልጅቱ አባት ሳይቀር መጥቷል። በሪሁን እንደ ልማዱ ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ሥር ነው፤ በሩ ክፍት ስለነበር ይታየኛል። ግራዝማች መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት። ማንበብ አይችሉም። መልሰው ሰጡኝና "የወንድሜን አንብብልኝ" አሉ። ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ እኚያን ሰው ሲያለቅሱ አያቸዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

መጽሐፉን ገለጥኩና ያለውን አነበብኩ። እስከ መጨረሻው። የበሪሁን ስም ላይ ስደርስ ድምፄ አልተሰበረም፤ የተለማመደ አንባቢ ነበርኩ። ግራዝማች አለቀሱ፣ ሌሎቹም አለቀሱ። የልጅቱ አባት ነጠላውን አስተካክሎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። በበሪሁን አጠገብ ሲያልፍ አላየውም። እኔ ከፊቴ የቀረበልኝን ዳቦ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሰዉ ሲበተን ወደ ወይራው ሄድኩ። የመሪጌታን ወረቀት አውጥቼ ለእሱ ብቻ አነበብኩለት። ታቦቷ፣ ዋሻው፣ ግዝቱ፣ መምሬ ሲያርፉ የተናገሩት። ግዝቱ የሚፈታበት ቦታ ላይ ስደርስ እጁን አነሳ፣ ድገመው እንደማለት ነው። ደገምኩለት። አማተበ። አለቀሰ ለማለት አልችልም፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ ገልጦ አየኝ።

"ቅድም ውስጥ ሲያነቡ ይህ ወረቀት የት ነበር?"

"ኪሴ ውስጥ።"

"እኔን መምሬ ገዝተውኝ ነው ዝም ያልሁት" አለ ቀስ ብሎ። "እርስዎንስ ማን ገዘተዎት?"

መልሴን አልጠበቀም። ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ማሳው ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ መንደሩ ውስጥ ቆየሁ። በቀጣዩ እሁድ የመሪጌታን ወረቀት በሰንበቴው ፊት ቆሜ አነበብኩ፤ ባለፈው ያነበብኩት ስሕተት እንደሆነና ስሕተቱም የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ግራዝማች ወረቀቱን ተቀብለው ከመጽሐፉ ጎን አስቀመጡት፣ ሁለቱን ተራ በተራ ነካኳቸው። "ይህኛው በመኪና የተጻፈ ነው፤ ይህኛው በእጅ። ባለፈው እሁድ በዚህችው ቦታ ቆመህ ያንን አነበብህልን። ዛሬ ይህን። የትኛውን ቀን እንመንህ ልጄ?" አሉኝ። በክፋት አልነበረም። የሚጠይቁት ነገር ትክክል ነበር።

ካህናቱ አመኑ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ አመኑ፤ ከእነሱ አንዱ፣ ያ ተራው እስኪደርስ ቆሞ የጠበቀው ሰው፣ በዚያው ሰኞ በሬውን ነድቶ ወደ በሪሁን ማሳ ሄደ። ግራዝማች አመኑም አላመኑም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተናገሩም። የልጅቱ አባት ግን በመካከሉ በነበረው ሳምንት ሽማግሌ ልኮ ማጫውን መልሶ ነበር። ልጅቱ ለሌላ ታጨች። በሪሁንን ወደ ሰንበቴው ግባ አሉት፤ ገባ። ቆይቶ እንደነገሩኝ ግን አንዳንድ እሁድ ረስቶት ይሁን ለምዶት ወይራው ሥር ይቀመጥ ነበር።

ሁለተኛ ዕትም አልመጣም። እርማቱን በእጄ እየጻፍኩ ባገኘሁት ቅጂ ሁሉ ውስጥ በገጹ ላይ ለጠፍኩ። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሄዱትን አብዛኞቹን አግኝቻለሁ። ያላገኘኋቸውም አሉ፤ ዛሬም በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ በሪሁን መልካውን ጥሎ እየሄደ ነው።

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆየሁ። ወደ ሙያው የሚመጡ ወጣቶች ምን ይበጀናል ሲሉኝ የምነግራቸው አጭር ነው። ምስክርን ለየብቻው ጠይቁ፤ አለቃው ፊት የተሰጠ ቃል የአለቃው ቃል ነው። መሬቱ የሰውን ቃል ካልደገፈ ተመልሳችሁ ሂዱ። ሰው ዝም ሲል ዝም አለ ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ አትለፉ። እውነቱን ካወቃችሁም ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩት፤ በሳምንቱ ሌላ ነገር ይሆናል።

በሪሁን የጠየቀኝን አሁንም አስበዋለሁ። መልሱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ያን ቀንም አውቀው ነበር። ማንም አልገዘተኝም።